ለ16 ባይት ቦታ የታጣበት ሌሊት

"አይታየኝም" አለችኝ የአክስቴ ልጅ በስልክ። ሰላምታ እንኳን አላስቀደመችም።

"ምኑ?"

"ዝናቡ።"

ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፤ ወሩም ጥር ነው። ደጅ የሚታይ ዝናብ እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን። የእሷ ዝናብ ግን ሰማይ ላይ አይደለም ያለው። ለማስተርስ መመረቂያዋ በአባይ ተፋሰስ የሚጥለውን የክረምት ዝናብ በኮምፒውተር ታሰላለች። ስሌቱ ለላፕቶፕ ስለሚከብድ፣ በትምህርት ትብብር አውሮፓ ውስጥ ያለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ እንድትሠራ ተፈቅዶላታል። ወራት ሙሉ ማታ ማታ ትገባለች፣ ሥራዋን ታዛለች፣ ትወጣለች። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ደግሞ አማካሪዋ ፊት ቀርባ ካርታዎቹን ማሳየት አለባት። ከማሳየቷ በፊት ራሷ ልታያቸው ፈለገች። አልታዩም።

እዚያ ማዶ ያለው ኮምፒውተር እሷ የምታየው ስክሪን የለውም። የምትገናኘው ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ነው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዝ ትጽፋለች፣ መልሱ በጽሑፍ ይመጣላታል። ካርታ ማየት ስትፈልግ ግን ኤንሲቪው የሚባል ፕሮግራም ትጠራለች። ፕሮግራሙ የሚሮጠው እዚያው አውሮፓ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው ግን አዲስ አበባ፣ የእሷ ላፕቶፕ ላይ። ለወራት እንዲህ ሲሠራ ቆይቷል። ያን ምሽት ግን በመስኮቱ ፋንታ አንዲት ደረቅ መስመር ብቻ መጣች፦ ዲስፕሌዩን መክፈት አልቻልኩም።

በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ አንድ "የኮምፒውተር ሰው" አለ። በእኛ ቤተሰብ እኔ ነኝ። የአጎቴን ፕሪንተር፣ የአክስቴን ስልክ፣ የጎረቤቱን ዲሽ ጭምር "ና እስቲ እየው" የምባለው እኔ ነኝ። ለዚህ ሹመት ደመወዝ የለውም፤ ያለው ክብር ብቻ ነው። ክብሩ ደግሞ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ "አላውቅም" ማለትን ያስረሳል። "መጣሁ" አልኳት። ቤታቸው ከእኛ ሁለት ፌርማታ ነው።

* * *

የዚያን ሌሊት ጣጣ ለመረዳት አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰርቨሩ ማን ነው? ሁላችንም "አውሮፓ ያለው ትልቁ ኮምፒውተር" እንላለን። ስህተት ነው።

በሊኑክስ ዓለም መስኮቶችን የሚስለው ሥርዓት ኤክስ ይባላል። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ ነው። ስሙ ምንም ምሥጢር የለውም፤ ከእሱ በፊት ደብልዩ የሚባል የመስኮት ሥርዓት ነበር፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ከደብልዩ ቀጥሎ ኤክስ ይመጣል። ዛሬም የምንጠቀምበት 11ኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1987 ወጣ። ኤምአይቲ በዚያን ዘመን አቴና በሚባል ፕሮጀክት ግቢውን በኮምፒውተር ያጥለቀልቅ ነበር። ተማሪው የትም ቢቀመጥ፣ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የሚሠራለትን ፊቱ ባለው ስክሪን ማየት ነበረበት።

እና "ሰርቨር" የሚለውን ቃል በአማርኛ አስቡት፤ አስተናጋጅ ማለት ነው። በኤክስ ቋንቋ አስተናጋጁ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን የያዘው ነው፤ ማለትም ጭናችሁ ላይ ያለው ላፕቶፕ። ደንበኛው ደግሞ ሩቅ ያለው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ይመጣና "እባክህ አንድ መስኮት፣ በውስጡም አንድ ካርታ" ብሎ ያዛል፤ ላፕቶፑ ስሎ ያቀርባል። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ አውሮፓን በር አንኳክታ አልተከለከለችም። ከአውሮፓ የመጣ ደንበኛ የእሷን በር አንኳክቶ ነው የተመለሰው።

በድሮ ጊዜ ይህ ሁሉ ትዕዛዝ በኔትወርኩ ላይ ራቁቱን ነበር የሚሄደው። መሐል ላይ የተቀመጠ ጆሮ ጠቢ የምትጽፉትን ፊደል በፊደል መልቀም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ የሚለቅም ጥቃት ደረሰ፤ ታቱ ኡሎነን የሚባል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪም ለዚህ መልስ ኤስኤስኤችን ጻፈ። ኤስኤስኤች በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል ማንም የማያይበት ዋሻ ይቆፍራል። ስትገቡ ሰረዝና ትልቁን የእንግሊዝኛ ኤክስ ከጨመራችሁ፣ የመስኮቶቹንም ትዕዛዝ በዚያው ዋሻ ያሳልፍላችኋል። የአክስቴ ልጅ ይህን ታውቃለች፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

* * *

ስደርስ ላፕቶፑ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አክስቴ የቡና ረከቦቷን አቅርባለች። "እስቲ ተነሽ" አልኩና ወንበሩን ያዝኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነበር።

"ምን ነካሽ?"

"ምንም አልነካሁም።"

የኮምፒውተር ሰዎች ይህችን መልስ አናምንም። ጥርጣሬዬን ይዤ ገባሁና እንደ ልማዴ ስክሪኑን አጸዳሁ። ወደ ትልቅ ኮምፒውተር ስትገቡ ረጅም ሰላምታ ይቀበላችኋል፤ እንኳን ደህና መጣህ፣ ሕጉ እንዲህ ነው፣ እሑድ ጥገና አለ። ማን ያነበዋል? "ክሊር" ብዬ ጠረግሁት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ኤንሲቪውን ጠራሁ። ያው መልስ መጣ፤ ዲስፕሌዩን መክፈት አልቻልኩም። ግን ከመስመሩ ጫፍ ላይ "ሎካልሆስት 10" የሚል አድራሻ አለ። ይህች ጫፍ ትልቅ ነገር ትናገራለች። አድራሻው ባዶ ቢሆን ኖሮ ዋሻው ጭራሽ አልተቆፈረም ማለት ነበር፤ ወይ ትልቁን ኤክስ ረስታችኋል፣ ወይ የዚያ ማዶ አስተዳዳሪ አገልግሎቱን ዘግቶታል፣ ወይ እዚያ ኤክስአውት የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም አልተጫነም። አድራሻ ካለ ግን ዋሻው ተቆፍሯል፤ የተጣላው በር ላይ ነው። ከላይዋ ደግሞ ሌላ መስመር ነበረች፦ የኤክስ ግንኙነት በተሳሳተ መታወቂያ ምክንያት ተከልክሏል።

እዚህ ጋ ቆም ብሎ ማሰብ የሚያውቅ ሰው ያስባል። እኔ ግን ከኋላዬ ሁለት ሰው እያየኝ ነው። ጣቶቼ ከጭንቅላቴ ቀደሙ።

መጀመሪያ ትልቁን ኤክስ በትልቁ ዋይ ቀየርኩ። ትልቁ ዋይ "ይህን ደንበኛ ሙሉ በሙሉ አምነዋለሁ" ማለት ነው፤ የመጣው ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ማየት፣ የኪቦርዱንም ምት መስማት ይችላል። አልሠራም። መሥራትም አልነበረበትም፤ ላፕቶፗ ላይ የጫንኩላት ኡቡንቱ ሲመጣም ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው የሚያያቸው። ቀጥሎ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ፤ የሁላችንም ጸሎት። አልሠራም። በመጨረሻ ኤክስሆስት ፕላስ የሚባለውን ጻፍኩ። ትርጉሙ "በሬ ክፍት ነው፣ የመጣ ይግባ" ነው።

"ይሄ ምን ያደርጋል?" አለች።

"ይከፍታል" አልኳት።

አልከፈተም። አሁን ሳስበው፣ ልከፍት የሞከርኩት የተዘጋውን በር አልነበረም። መታወቂያውን የሚያየው ራሱ ኤስኤስኤች ነው፤ ገና የላፕቶፑ በር ሳይደረስ፣ ከዋሻው አፍ ላይ። የሳሎኑን በር ቦርግጄ ከፍቼ የግቢው በር ላይ ዘበኛው እንግዳውን እየመለሰ ነበር። አንድ ቤት ውስጥ እንግዳ እንዲገባ ብላችሁ መዝጊያውን ብትነቅሉት፣ የተጠራው እንግዳ ባይገባም ያልተጠራው ይገባል። ቶሎ ብዬ መልሼ ዘጋሁት፤ ይህን እንኳን ያደረግሁት አክስቴ "ክፍት በር አልወድም፣ በተለይ በሌሊት" ስላለች ነው። ቡናውን ልታፈላ ወጥ ቤት ልትገባ ስትል የተናገረችው ስለ እውነተኛው በር ነበር።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲል መብራት ሄደ።

* * *

ጨለማ ውስጥ ሦስታችንም ዝም አልን። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ የኢንተርኔቱ ሳጥን ግን የለውም። የአክስቴ ልጅ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብላ "ብዙ አትጨነቅ፣ ሳላየው አቀርበዋለሁ" አለች። ያልታየ ሥራ ይዞ አማካሪ ፊት መቅረብ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። "አላውቅም፣ ሌላ ሰው እንጠይቅ" ማለት የነበረብኝ ከሁለት ሰዓት በፊት ነበር።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ እኔ ግቢ ወጥቼ ነበር። ወንበሩ ባዶ ስለነበር እሷ ተቀመጠች። ገባች። ስክሪኑን አላጸዳችም። እሷ የመጣላትን ጽሑፍ የምታነብ ሰው ናት።

"ና እስቲ" ብላ ጠራችኝ። "ይሄ ሁልጊዜ አለ?"

ከረጅሙ ሰላምታ በታች፣ ከመጨረሻው ላይ፣ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፦ ኤክስአውት የፈቃድ ፋይሉን መጻፍ አልቻለም። ሌሊቱን ሙሉ በገባሁ ቁጥር ትነግረኝ ነበር። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ስጠርጋት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛው መስኮት ከማዘዙ በፊት የጥሪ ካርድ ማሳየት አለበት። ካርዱ ኩኪ ይባላል፤ 128 ቢት፣ ማለትም 16 ባይት የሆነ የዕጣ ቁጥር ነው። ኤስኤስኤች ደግሞ ብልጥ ነው፤ የላፕቶፓችሁን እውነተኛ ቁጥር ወደ ሩቁ ኮምፒውተር አይልክም። የማስመሰያ ቁጥር ይፈጥርና እሷን ይልካል። እዚያ ማዶ ኤክስአውት ተቀብሎ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ባለ ድብቅ ፋይል ላይ ይጽፋታል። ፕሮግራሙ መስኮት ሲፈልግ ከፋይሉ አንብቦ ቁጥሯን ይዞ ይመጣል፤ የዋሻው አፍ ላይ ያለው ኤስኤስኤች አይቶ በእውነተኛዋ ቀይሮ ያስገባዋል። የእኛ ደንበኛ ግን ካርዱ አልተጻፈለትም። ባዶ እጁን መጥቶ ዘበኛው መለሰው።

ለምን አልተጻፈም? የአክስቴ ልጅ ኮታዋን ጠየቀች። ሆም ፎልደሯ የተፈቀደለት 20 ጊጋባይት ነው። የተያዘውም 20 ጊጋባይት። ጢም ብሏል። በ20 ጊጋባይት ቤት ውስጥ ለ16 ባይት ቁጥር ማሳደሪያ ጠፋ።

"ግን እኔ ምንም አልነካሁም" አለች፤ አሁን ለራሷ ነው። ከዚያ ዝም ብላ አየችኝ። "ጥር መግቢያ ላይ ምን ነበር ያልከኝ?"

ትዝ አለኝ። "እዚያ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ላይ ያለ ነገር ሊጠረግ ይችላል፤ ሁሉንም ወደ ሆም ገልብጪው" ብያት ነበር። ምክሩ ራሱ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ የስሌት ማዕከላት ጊዜያዊውን ማስቀመጫ በየጊዜው ይጠርጉታል። ስንት ቦታ እንዳላት መጠየቅ ግን ረስቼ ነበር። እሷ እንዳልኳት ገለበጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርታ ስላልከፈተች አላወቀችም። በእርግጥም ምንም አልነካችም። የነካሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ፌርማታ ርቄ፣ በአንድ የስልክ ምክር።

"የእኔ ጥፋት ነው" አልኩ። ከዚያ ምሽት ሁሉ ጠቃሚ የተናገርኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጥፋቴን ለማካካስ ቸኩዬ ኪቦርዱ ላይ ዘረጋሁ፤ ትልቁን ፎልደር ልሰርዘው።

"አትንካ!" ብላ እጄን መታችኝ። "የሦስት ወር ሥራዬ ነው!"

ልክ ነበረች። በጥቁሩ መስኮት ላይ የተሰረዘ ነገር ቅርጫት ውስጥ አይገባም፤ ጠፋ ማለት ጠፋ ነው። እሷ ተረጋግታ የመጀመሪያዎቹን የሙከራ ስሌቶች ለየች፤ ዋናዎቹ ጊዜያዊው ማስቀመጫ ላይ መኖራቸውን አረጋገጠች፤ ቅጂዎቹን ብቻ አንድ በአንድ ሰረዘች። 3 ጊጋባይት ተለቀቀ። ከዚያ ወጥታ እንደገና ገባች፤ ቁጥሯ የምትጻፈው ስትገቡ ስለሆነ ሳይወጡ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

ቀጭኗ መስመር የለችም። ለሙከራ ኤክስአይስ የሚባለውን ጠራን። ይህ ፕሮግራም ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ትላልቅ ዓይኖች ስሎ ማውሱ በሄደበት ማየት። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከአውሮፓ ሁለት ዓይኖች መጥተው ስክሪኑ ላይ ተንቀዋለሉ። አክስቴ ሦስተኛውን ቡና ይዛ መጥታ አጎንብሳ አየች።

"እናንተ ልጆች፣ እኩለ ሌሊት ድረስ ያስጨነቃችሁ ይሄ ነው?"

"አዎ" አልናት በአንድ ላይ።

* * *

ካርታው እየተጎተተ መጣ። ኤክስ የተሠራው ለአንድ ግቢ ኔትወርክ ነው፤ ለእያንዳንዷ ትንሽ ነገር ይጠይቃል፣ መልስ ይጠብቃል። ግቢ ውስጥ ይህ አይታወቅም። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ደርሶ መልስ ግን ጥያቄው ሲበዛ ጥበቃው ይደማመራል። የእንግሊዝኛውን ትልቁን ሲ ጨምሮ ዳታውን ማመቅ ትንሽ ያግዛል፤ ጥበቃውን ግን አያጠፋም። አንድ ሥዕል ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ እዚያው አስቀምጦ ፋይሉን መገልበጥ ይቀላል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ግን ለመረጥነው ሳይሆን ለሠራልን ነበር የምናመሰግነው።

ሰኔ ዘነበ፣ ሐምሌ ዘነበ። ነሐሴ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ተፋሰሱ ከዳር እስከ ዳር ለአራት ቀን ባዶ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ጎጃም ላይ ጠብ አላለም የሚል ስሌት ይዛ ልትቀርብ ነበር። ስሌቱ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና ሲነሳ አራቱን ቀን ዘሎ ኖሯል። ቁጥሮቹን በጽሑፍ ስታያቸው አማካዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዝቅ ማለቱን እንጂ ቀዳዳውን አላሳያትም። ቀዳዳ የሚታየው በዓይን ነው።

ጠዋት ለአማካሪዋ ራሷ ቀድማ ነገረችው፤ እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ በዚህ ሳምንት ደግሜ አሰላዋለሁ ብላ። እሱም "ጥሩ አየሽው" አላት። እንዲያ ነው የነገረችኝ።

እኔም ከዚያ ወዲህ የምከተለው ሥርዓት አለኝ። መጀመሪያ ስገባ የሚመጣውን ጽሑፍ አነባለሁ። ቀጥዬ የዲስፕሌዩ አድራሻ ባዶ መሆን አለመሆኑን አያለሁ። አድራሻ ካለ ኤክስአውት ቁጥሯን መያዙን እጠይቃለሁ፤ ካልያዘ ኮታውን አያለሁ። በሱዶ ሌላ ተጠቃሚ ሆኜ ከሆነም አስታውሳለሁ፤ ቁጥሯ የተጻፈችው በእኔ ስም እንጂ በእሱ ስም አይደለም። ጠያቂው ዊንዶውስ ወይም ማክ ካለው፣ አስተናጋጅ መኖሩን አረጋግጣለሁ፤ ማክ ላይ ኤክስኳርትዝ፣ ዊንዶውስ ላይ እንደ ኤክስሚንግ ያለ ካልተጫነ ደንበኛው ቢመጣም የሚቀበለው የለም። የአስተማማኝነት በሮችን መንቀል ግን ከዝርዝሩ አውጥቻለሁ።

ኤክስ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ በብዙ ሊኑክሶች ላይ ቦታውን ወስዷል፤ ለድሮዎቹ ፕሮግራሞች ኤክስዌይላንድ የሚባል ድልድይ ቀርቷል፣ ለአዲሶቹም ዌይፓይፕ በኤስኤስኤች ዋሻ መስኮት ያሻግራል። መንገዱ ይለወጣል። ስልኩ ግን አሁንም ይጮሃል።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወለ፤ ፕሪንተሩ አልሠራ ብሎታል።

"ምን ነካህ?" ልለው አፌን ከፈትኩና ዋጥኩት።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ የመጣውን ያንብቡልኝ" አልኩት።

"ወረቀት የለም ይላል" አለኝ።